የደፈርሳ በር ሁለቱ ቋጠሮዎች

በድሮ ዘመን፣ ድልድይ ከሰው ይልቅ በሚከበርበት ዘመን፣ ደፈርሳ የሚባል ወንዝ ነበር። ደፈርሳ ሰፊ ነው። ደፈርሳ ጥልቅ ነው። ደፈርሳ ለማንም አያዝንም።

በዚያ ወንዝ ላይ አንድ ድልድይ ብቻ ነበር። በወዲህ ጫፍ ግንብ፣ በወዲያ ጫፍ ግንብ። ግንቡንም ድልድዩንም የያዘ አንድ የመኳንንት ቤት ነበር፤ አገሩ «የበሩ ቤት» ይለዋል። የቤቱ ጌታ ባላምባራስ ጓንጉል ይባላል። ኩሩ ነው፣ ቃሉን አያጥፍም፣ ሰው ግን አይጠይቅም። እናቱ እሜቴ የትምወርቅ ይባላሉ። አሮጊት ናቸው፣ ምላሳቸው ምላጭ ነው፣ የቤቱን ሕግ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ሕጉ አጭር ነበር። ጭነት ይዞ የሚሻገር ሰው ግማሹን በበሩ ላይ ያራግፋል። ጨው የጫነ ግማሽ ጨው። ማር የጫነ ግማሽ ማር። እህል የጫነ ግማሽ እህል። ባዶ እጁን የመጣ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ባዶ እጅ ግማሽ የለውምና።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ልጆች። ከጨው ግማሹ ቢሄድ የቀረው ጨው ነው። ከማር ግማሹ ቢሄድ የቀረው ማር ነው። ዘር ግን እንደዚያ አይደለም።

ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ቢያድግልኝ ይባላል። ቀጭን ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ የያዘውን አይለቅም። አገሩ ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ሰንበሌጥ ሜዳ የምትባል አሥራ ሁለት ጎጆ ያላት መንደር።

ሰባት ዓመት ሲሆነው አንበጣ መጣ። አባቱ ወንዙን ተሻግሮ ዘር ለምኖ ተመለሰ። በበሩ ላይ ግማሹን አራገፉበት። ግማሽ ዘር ግማሽ ማሳ ሆነ። ግማሽ ማሳ ግማሽ ዓመት አበላ። በሌላው ግማሽ ዓመት እናቱ ድርሻዋን ለሱ ታቀርብለት ነበር። «አንቺስ?» ሲላት «በልቻለሁ» ትለዋለች። አመናት። የሰባት ዓመት ልጅ ያምናል።

ከዚህ በላይ ስለዚያ ዓመት አይነገርም። ከዘመን መለወጫ በፊት ቀበሯት፤ ይበቃል።

ቢያድግልኝ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነው አንበጣው ተመልሶ መጣ። አሥራ ሁለቱ ጎጆ የቀረውን በላ፣ በመጨረሻም ለዘር ያኖረውን በላ። ያን ጊዜ ቢያድግልኝ የመንደሩን ሦስት አህዮች ይዞ ተነሣ። ባዶ እጁን ነበርና በሩ ዝም ብሎ አሳለፈው።

ወንዙን ተሻግሮ ስምንት ወር ሠራ። የሰው አዝመራ አጨደ። የሰው አውድማ ወቃ። የሰው እርከን በድንጋይ ካበ። ለድካሙ ሌላ ነገር አልጠየቀም፤ የዳጉሳ ዘር ብቻ። ግንቦት ሲገባ ስድስት ስልቻ ሙሉ ሆነለት። በሦስቱ አህዮች ላይ ሁለት ሁለት አድርጎ ጫነና ወደ ድልድዩ መጣ።

በበሩ ላይ የቤቱ አጋፋሪ ቆሟል። ጥሩነህ ይባላል፤ ደረቱ ከሆዱ ይቀድማል።

«ምን ጭነሃል?»

«ዳጉሳ።»

«ግማሹን አራግፍ።»

«ዘር ነው፣ ጌታው። የሚበላ አይደለም።»

«ዘር አይበላም? በናንተ አገር ምን ያደርጉታል፣ ይድሩታል?»

ዘበኞቹ ሳቁ። ቢያድግልኝ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም።

«አሥራ ሁለት ጎጆ ይጠብቀኛል። አሁን በሙሉ አሳልፉኝ። አዝመራው ሲደርስ የግማሹን እጥፍ በጀርባዬ ተሸክሜ አመጣለሁ።»

«ወንድሜ፣ ሕጉን እኔ አልሠራሁትም። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ። ወይ አራግፍ ወይ ተመለስ።»

«አላራግፍም» አለ ቢያድግልኝ።

አህዮቹን ሲያዞር ቀና ብሎ አየ። ከበሩ ቅስት ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ አሮጌ ቋጠሮ አለ፤ የሁለት ኩታ ጫፍ፣ አንድ ላይ የተቋጠረ፣ በዘመን ብዛት የጠቆረ።

«ያ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

አጋፋሪ ጥሩነህ ይህን ሲጠይቁት ደስ ይለዋል። «ይህ ቤት የቆመው በሱ ነው» አለ። «የባላምባራስ አያት ተራ ወታደር ነበሩ። አንድ ቀን የንጉሥ ግብር የዘረፈ ወንበዴ አገኙ። ‹በንጉሥ አምላክ ቁም› አሉት። ኩታቸውን ከኩታው ቋጠሩ። ሰባት ቀን አብረውት ተጓዙ። የወንበዴው ዘመዶች ወርቅ ይዘው መጡ፣ አልፈቱም። ጦር ይዘው መጡ፣ አልፈቱም። ዳኛ ፊት አደረሱት። ንጉሡም ‹ቋጠሮ የሚጠብቅ በር ይጠብቃል› ብሎ ድልድዩን ሰጣቸው። ስለዚህ በዚህ ቤት ቁራኛ ከታሰረ ከዳኛ በቀር የሚፈታው የለም። ባላምባራስም ቢሆኑ።»

«ባላምባራስም ቢሆኑ?»

«ልብ አድርገህ ስማ እንጂ፣ ሰውዬ። ባላምባራስም ቢሆኑ።»

ቢያድግልኝ ልብ አድርጎ ሰምቷል።

በዚያ ዘመን እንዲህ ነበር፣ ልጆች። ከሳሽ ተከሳሹን በንጉሥ አምላክ ካቆመው፣ ሁለቱ የኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ዳኛ እስኪያገኙ አብረው ይሄዳሉ። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያርፋሉ። ይህን ቁራኛ ይሉታል። ነገር ግን የንጉሡን ስም ጠርቶ ያልረታ ሰው ሠላሳ ጅራፍ ይገረፋል። ሠላሳ ጅራፍ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ቢያድግልኝ መጀመሪያ ወንዙን ሞከረ።

ከድልድዩ ወደ ታች ሄዶ ሁለት ባዶ ስልቻ በትንፋሹ ነፋ። ከላያቸው አንዱን የዘር ስልቻ አሰረና ገባ። ደፈርሳ እስከ መሐል ዝም ብሎ አየው። መሐል ሲደርስ ገመዱን በጠሰ፣ ዘሩን ወሰደ፣ ሰውዬውን ከገባበት ዳር ተፋው። ከግንቡ ላይ ዘበኞቹ ያዩ ነበር።

«ዘንድሮ ዓሣ ሊያርስ ነው» አለ አንዱ።

«ለአረሙ እኛን ይጥራና» አለ ሌላው።

ቢያድግልኝ ውኃውን ከፊቱ ጠረገ። የቀሩትን ስልቻዎች ቆጠረ። አምስት ናቸው። ልብሱ እስኪደርቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ሠላሳውን ጅራፍ አሰበበት። ሲደርቅ ተነሣ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ባላምባራስ ጓንጉል ራሱ ወደ በሩ ይወርዳል። እሜቴ የትምወርቅም ከግንቡ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። በዚያች ቅዳሜ ቢያድግልኝ አህዮቹን እየነዳ መጣ።

«መጣህ?» አለው አጋፋሪው።

«መጣሁ።»

«ወንዙስ? አልተስማማችሁም?»

«አልተስማማንም።»

«እንግዲያው አራግፍ።»

«ስልቻዬን ለጌታዬ እከፍታለሁ። የሚወስዱትን ይዩት።»

ባላምባራስ ይህን ሰምቶ ቀረበ። ቢያድግልኝ የአንዱን ስልቻ አፍ ፈታ። ባላምባራስ እጁን እስከ አንጓው ነከረና ዘሩን በጣቶቹ መካከል አፈሰሰው።

«ንጹሕ ዳጉሳ ነው» አለ።

እጁ ገና ስልቻው ውስጥ ሳለ ቢያድግልኝ የባላምባራስን ኩታ ጫፍ ያዘ።

«በንጉሥ አምላክ፣ ጌታዬ፣ ይቁሙ።»

አህዮቹ ብቻ ጆሯቸውን አነቃነቁ።

«ምን አድርጌህ?» አለ ባላምባራስ።

«እናቴን ገድለውብኛል።»

«እናትህን አላውቃት።»

«አያውቋትም። አላዩዋትም። ግን ገድለዋታል።»

«በምን? በጦር? በጎራዴ?»

«በግማሽ ስልቻ ዳጉሳ።»

አንድ ዘበኛ ሳቀ። እሜቴ የትምወርቅ ዘወር ብለው አዩት፤ ሳቁን ዋጠው።

«ይህ ሰው አብዷል። አባሩት» አለ ባላምባራስ።

«ጓንጉል» አሉ እሜቴ።

«እብድ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«እብድ ሲጠራውም የንጉሥ ስም ነው።»

«እንግዲያው ዋስ ልጥራ።»

«ማንን ልትጠራ? እዚህ የቆመው ሁሉ እንጀራህን የሚበላ ሎሌህ ነው። ሎሌ ለጌታው ዋስ አይሆንም። እኔም የወለድኩህ ነኝ፤ እናት ዋስ አትሆንም።» በዘንጋቸው ወደ ቅስቱ ጠቆሙ። «ያ ወንበዴ ሰባት ቀን ታስሮ ሲሄድ አያትህ ፈቱለት? ይህ ቤት በኖራ የተያያዘ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ዛሬ አንድ ቋጠሮ ፍታና ነገ ግንቡ ሲፈታ ታያለህ።»

ባላምባራስ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው ብለናል። እጁን ከስልቻው አወጣና ኩታውን ሰጠ። የሱ ነጭና ስስ፣ የቢያድግልኝ ሻካራና ቡናማ። ተቋጠሩ።

እሜቴ ወደ ቢያድግልኝ ዞሩ። «አንተስ? ካልረታህ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ሠላሳ፣ እሜቴ።»

«እያወቅህ ነው?»

«እያወቅሁ ነው። አንድ ነገር ግን ይቀራል። ሰው በጦር ቢገደል ጦሩ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ተጓድሎ አይቀርብም። እናቴ የሞተችበት ነገር ደግሞ ይኸው፣ አህያ ላይ ነው።»

እሜቴ አምስቱን ስልቻ አዩ። ሰውዬውን አዩ። ድልድዩን አዩ። የከንፈራቸው ዳር ትንሽ ተነቃነቀ።

«ለካ ነገሩ ወዲህ ነው» አሉ በዝግታ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አጋፋሪ! የስልቻዎቹን አፍ አትም። አህዮቹን ራስህ ንዳ። አንዲት ፍሬ ብትጎድል ከጢምህ አስለቅማታለሁ።»

«እኔ? አህያ ልነዳ፣ እሜቴ?»

«ሕጉን እኛ አልሠራነውም፣ አጋፋሪ» አለ አንድ ዘበኛ ከኋላ፣ ፊቱን ሳያሳይ።

እንዲህ ሆኖ ዘሩ በደፈርሳ ድልድይ ላይ በሙሉ ተሻገረ። ከፊት የቤቱ አጋፋሪ «ሂድ አንተ!» እያለ አህያ ይነዳል። ከኋላ ጌታና ገበሬ በአንድ ቋጠሮ ይሄዳሉ። ወንዙ ከታች ይጮኻል። ማንም ግማሽ አራግፍ አላለም።

የንጉሡ ዳኛ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ከሰንበሌጥ ሜዳ በላይ ካለው ዋርካ ሥር ይቀመጣሉ። መንገዱ ሦስት ቀን ነው።

በመጀመሪያው ቀን አልተነጋገሩም። ባላምባራስ እርምጃው ረጅም ነው፤ ቋጠሮው ይወጠራል። ቢያድግልኝ እርምጃው አጭር ነው፤ ቋጠሮው ይጎትታል። እስኪመሽ ድረስ ሲጓተቱ ዋሉ።

በሁለተኛው ቀን እርምጃቸው ገጠመ። ሎሌዎች ጥብስ ይዘው ደረሱ። ነገር ግን ቁራኛ ከአንድ ገበታ ነው የሚበላው፣ ያውም ከከሳሹ ስንቅ። ቢያድግልኝ ቅል አወጣና በሶ በጠበጠ። ባላምባራስ ቀመሰው።

«ሁልጊዜ ይህን ነው የምትበላው?»

«ይህም ሲገኝ።»

ባላምባራስ ቅሉን ጨረሰ። ጥብሱን አጋፋሪው በላው፤ አህያ መንዳት ያስርባል አለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰንበሌጥ ሜዳ ደረሱ። የአሥራ ሁለቱ ጎጆ ሰው ወጥቶ ቆመ። ስልቻዎቹን አየ፣ ቋጠሮውን አየ። ዋርካው ከላይ ይታያል። ቢያድግልኝ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ታጠፈ።

«ዳኛው በዚያ አይደሉም?» አለ ባላምባራስ።

«በዚያ ናቸው። መጀመሪያ በዚህ።»

ባላምባራስም ከአጥሩ ጀርባ ተከተለው፤ የታሰረ ሰው ምርጫ የለውም። በዚያ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ረድፍ በረድፍ። ትልልቅ ድንጋይ አለ። ትንንሽ ድንጋይ አለ። ትንንሹ ይበዛል።

«ይህ ሁሉ ምንድን ነው? ጦርነት ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሌላው ግማሽ ነው» አለ ቢያድግልኝ።

ባላምባራስ ጓንጉል ሰው አይጠይቅም ብለናል። በዚያች ቀን ጠየቀ።

«የእናትህ የቱ ነው?»

ቢያድግልኝ በእጁ አሳየው። ባላምባራስ ከድንጋዩ ፊት ቆመ፤ ቋጠሮው አልተጎተተም። ከዚያ ወደ ዋርካው ወጡ።

ዳኛ ስንሻው አንድ ዓይና ሽማግሌ ነበሩ። ክሱን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ወደ ተከሳሹ ዞሩ።

«ባላምባራስ፣ ይህችን ሴት ገድለሃል?»

«ሕግ እንደሚለው አልገደልኩም።»

«ሕግ እንደማይለውስ?»

ባላምባራስ መልስ አልሰጠም።

«ዝም ማለትን ሕግ አይቆጥረውም» አሉ ዳኛው። «እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ሕግ ግን አልሰማም። በግማሽ ስልቻ ሰው ተገደለ የሚል ፍርድ የለንም። ከሳሽ አልረታም። ሠላሳ ጅራፍ።»

አጋፋሪ ጥሩነህ ይህን ሲሰማ ፈጠን ብሎ ወደ አህዮቹ ሄደ።

«ወዴት?» አሉት ዳኛው።

«የበሩን ግማሽ ላራግፍ ነው።»

«በሩ የት አለ?»

አጋፋሪው ወደ ኋላው አየ። ሜዳ ብቻ ነው፤ በሩ የሦስት ቀን መንገድ ነው።

«የበር ግብር በበር ላይ ነው። በሩን ስታልፍ አህያውን ማን ይነዳ ነበር?»

«እኔ።»

«አንተው ካሳለፍከው አልፏል። ዘሩ የባለዘሩ ነው።»

የአሥራ ሁለቱ ጎጆ ሰው ያን ጊዜ ብቻ ተነፈሰ። ቢያድግልኝ ግን አልዞረም። የመጣበትን አግኝቷል፤ የሚቀረው ሠላሳው ነው።

ጅራፍ ያዡ መጣ። ዳኛው ቋጠሮውን ሊፈቱ እጃቸውን ሲዘረጉ ባላምባራስ በመዳፉ ሸፈነው።

«ይቆይ» አለ። «የቤቴ ሕግ ግማሽ ነው። አሥራ አምስቱን ወደኔ ያራግፍ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ዳኛው በአንድ ዓይናቸው ቢያድግልኝን አዩት።

«ሰምተሃል። ግማሹን ታራግፋለህ?»

«አላራግፍም» አለ ቢያድግልኝ።

ከዚያም ወደ ባላምባራስ ዞሮ፣ «ጌታዬ፣ ይህ የኔ ሸክም ነው። ክብደቱን አውቄ ነው ያነሣሁት። እርስዎ የሚያራግፉት ካለ በርዎ ላይ ያራግፉ» አለው።

ተገረፈ። አሥሩን ቆሞ ተቀበለ። አሥሩን ተንበርክኮ ተቀበለ። አሥሩን የዋርካውን ሥር ጨብጦ ተቀበለ። ባላምባራስን ጅራፉ አልነካውም። ነገር ግን ቋጠሮው ገና አልተፈታም ነበርና፣ ጅራፉ ባረፈ ቁጥር ኩታው ይስበው ነበር። ሠላሳ ጊዜ ሳበው።

ሲያበቃ ዳኛው ሊፈቱ መጡ።

«አይፍቱት» አለ ባላምባራስ። «ዙሪያውን ቆርጠው ቋጠሮውን ይስጡኝ።»

ቆርጠው ሰጡት። በቅሎ ቀርቦለት ነበር፤ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ተመለሰ።

ዝናቡ በሦስተኛው ቀን ጣለ። ቢያድግልኝ ሸሚዝ መልበስ አልቻለም። ራቁት ጀርባውን ለዝናቡ ሰጥቶ ዘራ። አምስቱን ስልቻ ለአሥራ ሁለቱ ጎጆ አዳረሱት፤ ወንዙ የበላውን አንዱን ሳስተው በመዝራት ሸፈኑት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባላምባራስ አጋፋሪውን በሩ ላይ ጠራው።

«ከዛሬ ጀምሮ ዘር በሙሉ ያልፋል።»

«ዘር መሆኑን በምን አውቃለሁ፣ ጌታዬ?»

«ትጠይቃለህ።»

«ቢዋሹኝስ?»

«የዋሸህ ይብላው።»

እሜቴ የትምወርቅ በርጩማቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። ቋጠሮውን ከልጃቸው እጅ ተቀበሉ። ግማሹ ነጭ ነው፣ ግማሹ ቡናማ። መሰላል አስመጥተው ከአሮጌው ጎን አሰቀሉት።

«አንደኛው በሩን እንዴት እንዳገኘነው ይናገራል» አሉ። «ይኸኛው እንዴት እንደምናቆየው ይናገር።»

በዚያ ዓመት በሰንበሌጥ ሜዳ ዳጉሳው ጭንቅላቱን ደፍቶ ቆመ። ለልጆቿ አቅርባ «በልቻለሁ» ያለች እናት ሁሉ በእውነት በልታ ነበር።

ነገሩ ይህ ነው፣ ልጆች። ኃይለኛን ለማሰር ገመድ አትፈልጉ፤ የገዛ ቃሉን ፈልጉ። ስታስሩት ግን የማሰሪያው ዋጋ የናንተ ነው፤ ቁሙና ተቀበሉት።

እኔ ተረቴን ሳላራግፍ አሻገርኩ። እናንተም ስታሻግሩት ግማሹን አታስቀሩ።